በኮምፒውተር የሚሰጥ የትኩረት ፈተና ምን ይነግራል? ምንስ አይነግርም?

ግንደወይን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለአብነት ያህል በከተማዋ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር፣ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይታሰብ። ልጁ ሁለተኛ ክፍልን ደግሟል። መምህሩ «አንድ ቦታ አይረጋም፤ የጀመረውን አይጨርስም» ይላሉ። ከብት ሲጠብቅ ሐሳቡ ይበተንና ከብቶቹ የሰው ጤፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ጎረቤት ይቆጣል፣ አባት ይገርፋል፣ እናት ታዝናለች። በዚህ መካከል አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ደውሎ «ትኩረትን የሚለካ የኮምፒውተር ምርመራ አለ፤ ይዛችሁት ኑ» ይላል።

ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ይሂድ? ወይስ በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰደው? ይህ ጥያቄ ቤተሰቡን ገንዘብም ጊዜም ሊያስከፍለው ይችላል፤ የልጁም የትምህርት ዕድል በመልሱ ላይ ይንጠለጠላል። መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የኮምፒውተር ፈተና በሚገኝበት ቦታ ለባለሙያ አጋዥ መረጃ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን ችግሩ አለ ብሎም ሆነ የለም ብሎ አይወስንም። ለግምገማው መሠረት የሚሆነው መረጃ ያለው በወላጅ፣ በመምህርና ልጁን በቅርብ በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው። ይህም መረጃ ግንደወይን ላይ ይገኛል።

የችግሩ ምንነት

በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤዲኤችዲ ተብሎ የሚታወቀው የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር በልጅነት የሚጀምር፣ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ የጤና ሁኔታ ነው። ምልክቶቹ በሁለት ወገን ይመደባሉ። የመጀመሪያው የትኩረት ማነስ ነው፦ ዝርዝር ነገርን መሳት፣ የተነገረን አለመስማት መምሰል፣ የተጀመረን ሥራ ሳይጨርሱ መተው፣ ዕቃ መጣል፣ የዕለት ተግባርን መርሳት። ሁለተኛው ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴና ችኩልነት ነው፦ መቁነጥነጥ፣ በማይገባ ቦታ መሮጥና መንጠላጠል፣ ጥያቄው ሳይጠናቀቅ መመለስ፣ ተራ መጠበቅ አለመቻል።

እነዚህ ነገሮች በማንኛውም ልጅ ላይ አልፎ አልፎ ይታያሉ። ችግር የሚባሉት መጠናቸው ከዕድሜ እኩዮች ሲበልጥ፣ ሲሰነብቱና ኑሮን ሲያውኩ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ መሠረት፣ በእያንዳንዱ ወገን ከተዘረዘሩት 9 ምልክቶች ቢያንስ በአንዱ ወገን 6ቱ፣ ዕድሜያቸው 17 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ 5ቱ መታየት አለባቸው። ምልክቶቹ ቢያንስ ለ6 ወራት መቆየት፣ የተወሰኑት ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየትና በትምህርት፣ በሥራ ወይም በማኅበራዊ ሕይወት ላይ ጉዳት ማድረስ ይኖርባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን ችግር በራሱ ስም አስፍሮታል።

«ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ» የሚለው መስፈርት ትልቅ ትርጉም አለው። በክፍል ውስጥ ብቻ የሚቅበጠበጥ፣ በቤትና በመስክ ግን የተሰጠውን ሥራ በአግባቡ የሚፈጽም ልጅ ምናልባት ጥቁር ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ ምናልባትም ትምህርቱ ከብዶት ወይም ክፍሉ ተጨናንቆበት ሊሆን ይችላል። በክፍልም፣ በቤትም፣ በከብት ጥበቃም፣ በጨዋታም ላይ አንድ ዓይነት መበታተን የሚታይበት ልጅ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ይህን ልዩነት ሊናገሩ የሚችሉት ልጁን በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ያዩት ሰዎች ናቸው።

የኮምፒውተር ፈተናው አሠራር

በኮምፒውተር የሚሰጡት የትኩረት ፈተናዎች መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ሮስቮልድና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ተከታታይ የአፈጻጸም ፈተና ነው። ፈተናው መጀመሪያ የታሰበው የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ለመለየት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተፈታኙ አሰልቺ የሆነ ሥራ እየደጋገመ እንዲሠራ ይደረግና ትኩረቱ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ይታያል።

ዛሬ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ የኮነርስ ፈተና ነው። በሦስተኛው እትሙ 14 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ በማያው ላይ 360 ጊዜ የላቲን ፊደላት እየተፈራረቁ ይታያሉ። ተፈታኙ «ኤክስ» ከሚባለው ፊደል በስተቀር ሌላ ፊደል ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ቶቫ የሚባለው ፈተና ደግሞ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ የሚጠቀመውም በፊደል ሳይሆን በቅርጽ ነው። ኪውቢቴስት የተባለው ሦስተኛው ዓይነት ለዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይጨምራል፤ በተፈታኙ ግንባር ላይ በሚታሰር ምልክትና በካሜራ አማካይነት በፈተናው ጊዜ የጭንቅላቱን እንቅስቃሴ ይለካል።

ኮምፒውተሩ የሚመዘግባቸው ነገሮች በመሠረቱ አራት ናቸው። አንደኛ፣ መጫን ሲገባው ሳይጫን ያለፋቸው ምልክቶች፤ እነዚህ ትኩረት መሳትን ያመለክታሉ። ሁለተኛ፣ መጫን ሳይገባው የተጫናቸው፤ እነዚህ ችኩልነትን ያመለክታሉ። ሦስተኛ፣ ለመመለስ የወሰደበት ጊዜ። አራተኛ፣ የዚህ ጊዜ መለዋወጥ፣ ማለትም አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ መመለሱ። ውጤቱ በዕድሜና በጾታ ከሚመሳሰሉት ሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር ተነጻጽሮ በወረቀት ይወጣል።

ጉዳዩ አሁን ለምን አነጋጋሪ ሆነ?

ይህ ፈተና በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደገና መነጋገሪያ የሆነው የግምገማ ወረፋ በብዙ አገሮች በመርዘሙ ነው። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎቶችን የሚገመግመው ናይስ የተባለው ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ባወጣው መመሪያ ኪውቢቴስት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በግምገማ ወቅት አጋዥ ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል ገልጿል። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሲሆን፣ 250 ልጆች ተካፍለውበታል። ሁሉም ልጆች ፈተናውን ወስደው ውጤቱ ለግማሾቹ ሐኪሞች ብቻ ተሰጠ። ውጤቱን ያዩት ሐኪሞች ካላዩት ይልቅ ፈጥነው ውሳኔ ላይ ደረሱ፤ የውሳኔያቸውም ትክክለኛነት አልቀነሰም።

ይህ ጠቃሚ ግኝት ነው፤ በጥንቃቄ መነበብ ግን ይገባዋል። በጥናቱ ውስጥ ፈተናው ሐኪሙን አልተካም። የልጁን ታሪክ የጠየቀ፣ ወላጅን ያነጋገረ፣ የመምህርን አስተያየት የተቀበለ ባለሙያ ባለበት አገልግሎት ላይ የተጨመረ መረጃ ነበር። የናይስ ምክርም ይህንኑ የተከተለ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ያደሰው መመሪያም ውሳኔው ከወላጅ፣ ከመምህርና ልጁን ከሚያውቁ ሌሎች ሰዎች በሚገኝ መረጃ ላይ እንዲመሠረት ያስቀምጣል።

በአገራችንም አገልግሎትን በዲጂታል መንገድ የማቅረብ ጥረት እየሰፋ መጥቷል፤ ዜጎችም በእጅ ስልካቸው ስለ ጤና ብዙ ነገር ያያሉ። በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች «በአምስት ደቂቃ ትኩረትዎን ይለኩ» የሚሉ ማስታወቂያዎችና መጠይቆች ይዘዋወራሉ። እነዚህ ከላይ ከተገለጹት ፈተናዎች ጋር አንድ አይደሉም፤ በባለሙያ የማይሰጡና የማይተረጎሙ በመሆናቸው ለሕክምና ውሳኔ መነሻ ሊሆኑ አይችሉም። ገንዘብ የሚያስከፍሉ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል።

ቁጥሩ የሚያሳየው

ፈተናው ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ለመረዳት ቀላል ስሌት ይጠቅማል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በአንድ ትምህርት ቤት 400 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም 20ዎቹ፣ ማለትም ከመቶ 5ቱ፣ ችግሩ በእርግጥ አለባቸው። አንድ ፈተና ችግሩ ካለባቸው አራት ልጆች ሦስቱን በትክክል ይለያል፤ ከሌለባቸው አራት ልጆችም ሦስቱን በትክክል «የለባቸውም» ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ጥሩ ፈተና ይመስላል።

ለሁሉም ተማሪዎች ቢሰጥ ግን ውጤቱ እንዲህ ይሆናል። ችግሩ ካለባቸው 20 ልጆች 15ቱን ያገኛል፤ 5ቱ «ደኅና ናችሁ» ተብለው ይሸኛሉ። ችግሩ ከሌለባቸው 380 ልጆች ደግሞ 95ቱ በስህተት «አለባችሁ» ይባላሉ። «አለባችሁ» የተባሉት በድምሩ 110 ሲሆኑ በእርግጥ ችግሩ ያለባቸው 15ቱ ብቻ ናቸው፤ ይህም ከሰባት አንድ እንኳ አይሞላም። በባለሙያ ተጠይቀው፣ ምልክታቸው ተጣርቶ ለተላኩ ልጆች ብቻ ሲሰጥ ይህ ስህተት ይቀንሳል። ስለዚህ የፈተናው ጥቅም የሚወሰነው ከእርሱ አስቀድሞ በሚደረገው ጥየቃ ጥራት ነው።

መለኪያው ሲለያይ ውጤቱም እንደሚለያይ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም ያሳያሉ። ቀደም ሲል በቡታጅራ አካባቢ በልጆች ላይ በተደረገ ጥናት የኤዲኤችዲ መጠን 1.5 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና በኦሮሚያ ክልል በጊርጃ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ 7.3 በመቶ አግኝቷል። ልዩነቱ የግድ የልጆቹ ልዩነት ነው ማለት አይቻልም፤ የአጠያየቁ ዘዴ፣ የዕድሜው ክልልና የተጠያቂው ማንነትም ቁጥሩን ይለውጣሉ።

ለምሥራቅ ጎጃም ልጅ መታሰብ ያለባቸው ነጥቦች

ፈተናው የሚያነጻጽረው ልጁን ከማን ጋር ነው? ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በብዛት የሚታወቁት ፈተናዎች የተሠሩትና መመዘኛቸው የተሰበሰበው በሌሎች አገሮች ነው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ፣ የላቲን ፊደልን ገና በመልመድ ላይ ያለ የግንደወይን ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በማያ ገጽ ከተጫወተ ልጅ ጋር ሲነጻጸር ዘግይቶ ቢመልስ የትኩረት ችግር ላይሆን ይችላል። ፊደሉን ለመለየት የወሰደበት ጊዜ፣ በማያውቀው ክፍል መፍራቱ፣ በሩቅ መንገድ ደክሞና ሳይተኛ መምጣቱ ሁሉ በወረቀቱ ላይ «ዘገምተኛ ምላሽ» ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ፈተናው ከተሰጠ መመሪያው በአማርኛ በሚገባ ሊብራራለት፣ ልጁ አስቀድሞ ሊለማመድና ውጤቱም እነዚህን ነገሮች በሚያውቅ ባለሙያ ሊተረጎም ይገባል።

ተቃራኒውም ይሆናል። ጸጥ ባለ ክፍል፣ አንድ አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ፣ አዲስ ዕቃ ፊቱ ተደርጎለት ለ15 ደቂቃ የሚፈተን ልጅ ከመጓጓቱ የተነሣ ጥሩ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ያው ልጅ በተጨናነቀ ክፍል አርባ ደቂቃ መቀመጥ፣ ወይም ከጠዋት እስከ ማታ ከብት መጠበቅ ሊያቅተው ይችላል። «ኮምፒውተሩ ደኅና ነው ብሏል» ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ እንደገና «ሰነፍ» ተብሎ ይገረፋል። ይህ ፈተናው ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ትኩረትን የሚያሳጡ ሌሎች ምክንያቶች መኖራቸው ነው። የኮምፒውተር ፈተናው ትኩረት መሳሳቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በአካባቢው በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው የሚከተሉት ናቸው፦

- የዓይንና የጆሮ ችግር። ጥቁር ሰሌዳውን የማያይ ወይም ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ የማይከታተል ይመስላል። ትራኮማ በአማራ ክልል ለረጅም ዘመን ትልቅ የጤና ችግር ሆኖ የቆየ በመሆኑ የዓይን ምርመራ ሊታለፍ አይገባም።
- የሚጥል በሽታ። አንዳንዱ ዓይነት ልጁን አይጥለውም፤ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ያፈዘዋል። በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የትኩረት ማነስ ይመስላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኖባርቢታልም በአንዳንድ ልጆች ላይ መቅበጥበጥና የትኩረት መቀነስ ሊያስከትል ይችላል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው።
- የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስና የእንቅልፍ ማጣት። ቁርስ ሳይበላ ረጅም መንገድ ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ትኩረቱ ቢደክም አያስደንቅም።
- የመማር ችግርና የአእምሮ እድገት መዘግየት። የሚባለው የማይገባው ልጅ መቁነጥነጡ አይቀርም።
- ፍርሃትና ሐዘን። በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው፣ ቤተሰብ ያጡ ወይም አስፈሪ ነገር ያዩ ልጆች እንቅልፍ ማጣት፣ መባነንና ሐሳብ መበታተን ይታይባቸዋል። መቼ እንደጀመረ መጠየቅ ዋናው መለያ ነው፤ ቀድሞ ደኅና የነበረና ከአንድ ክስተት በኋላ የተለወጠ ልጅ የሚያስፈልገው ድጋፍ የተለየ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሴቶች ልጆችን ይመለከታል። «ቀዥቃዣ» የሚባለው ልጅ ክፍሉን ስለሚያውክ በቶሎ ይታያል። «ፈዛዛ» የምትባለው፣ በጥግ ተቀምጣ በሐሳብ የምትርቅ ልጅ ግን ማንንም ስለማታውክ ማንም አይጠይቅላትም። ኤዲኤችዲ ያለ ቅብጥብጥነት፣ በትኩረት ማነስ ብቻም ሊገለጽ ይችላል። መምህራንና ወላጆች ይህንን ሊያስተውሉ ይገባል።

በአገር ውስጥ ያለው የግምገማ መንገድ

የአእምሮ ጤና አገልግሎት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህ እየተለወጠ መጥቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች መሠልጠን ቀጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ጤና አገልግሎት ክፍተትን ለማጥበብ የጀመረውን መርሐ ግብር በሥራ ላይ ካዋሉት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የመርሐ ግብሩ ዋና ሐሳብ ልዩ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን የሠለጠነ ጤና ባለሙያ የአእምሮ ጤና ችግሮችን ለይቶ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት ይችላል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የመርሐ ግብሩ መመሪያ ሁለተኛ እትም የልጆችንና የወጣቶችን የአእምሮና የባሕርይ ችግሮች የሚመለከት ክፍል አለው። በዚህ መመሪያ መሠረት ባለሙያው ወላጅንና ልጁን ይጠይቃል፤ ምልክቶቹ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየታቸውን፣ የቆዩበትን ጊዜና ያደረሱትን ጉዳት ያጣራል፤ ሌሎች የጤና ችግሮችን ይመረምራል። ከመምህር መረጃ መቀበልም የሥራው አካል ነው። ለዚህ ሁሉ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ጥሩ ጥያቄና እውነተኛ መልስ ነው።

ስለዚህ በመግቢያው የተጠቀሰው ቤተሰብ ጉዞውን ከቅርብ ሊጀምር ይገባል። በቀበሌው ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር፣ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ጉዳዩ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ የሪፈራል ወረቀት ተጽፎ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ እንደ አስፈላጊነቱም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ወዳሉባቸው በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ወደሚገኙ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ቤተሰቦች የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝና የሪፈራል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉን ዘሎ መሄድ ለተጨማሪ ወጪ ሊዳርግ ይችላል።

ወደ ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። የእምነት ሥርዓትን መከተልና በጤና ተቋም መመርመር አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ልጁን ማሰር፣ መግረፍ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ማስጣል ግን በየትኛውም ምክንያት ተገቢ አይደለም።

ቤተሰብ ወደ ምርመራ ሲቀርብ ምን ይያዝ?

ባለሙያው በአንድ ቀጠሮ ሊያየው የሚችለው ልጁን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቤተሰቡ የሚያመጣው መረጃ ይህን ክፍተት ይሞላል። የሚከተሉትን አዘጋጅቶ መቅረብ ግምገማውን ያፋጥናል፦

- ችግሩ መቼ እንደታየ፤ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?
- የት የት እንደሚታይ፤ በቤት፣ በክፍል፣ በመስክ ሥራ፣ በጨዋታ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ።
- ከመምህሩ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ያስተዋሉትን፣ መልካሙንም ጭምር የያዘ ቢሆን ይመረጣል።
- የትምህርት ውጤት ካርድና ልጁ የሚጽፍበት ደብተር፤ ያልተጠናቀቁ መልመጃዎች ብዙ ይናገራሉ።
- በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የነበረ ችግር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ከባድ ትኩሳት ወይም የመጣል ታሪክ።
- በአሁኑ ጊዜ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች።
- ከቤተሰቡ ውስጥ በልጅነቱ ተመሳሳይ ጠባይ የነበረው ሰው ካለ፤ ችግሩ በዘር ሊተላለፍ የሚችል በመሆኑ።

ዕድሜው ከፍ ያለ ተገልጋይ፣ ለምሳሌ የኮሌጅ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ስለ ራሱ ሲመረመርም ይኸው ሥርዓት ይሠራል። የልጅነት ታሪኩን የሚያስታውስ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ይዞ መቅረብ፣ የቆዩ የትምህርት ማስረጃዎች ካሉም ማምጣት ይጠቅመዋል።

የኮምፒውተር ፈተና እንዲወሰድ ሐሳብ ከቀረበ ተገልጋዩ ባለሙያውን ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አለው። ፈተናው ከታሪክ ጥየቃው በተጨማሪ ምን አዲስ መረጃ ይሰጣል? ልጁ ኮምፒውተር የማያውቅ መሆኑ በውጤቱ ትርጓሜ ላይ እንዴት ይታሰባል? ፈተናው ባይወሰድ ግምገማው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ለሦስተኛው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ይቀጥላል» የሚለው ነው።

ከግምገማው በኋላ

ችግሩ መኖሩ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው እርምጃ ለወላጅና ለመምህር ማስረዳት ነው። ልጁ ሆን ብሎ እንደማያጠፋ መረዳት ብቻውን በቤት ውስጥ ብዙ ነገር ይለውጣል። ትእዛዝን አንድ በአንድና በአጭሩ መስጠት፣ ረጅም ሥራን ከፋፍሎ ማሠራት፣ በክፍል ፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ በየመካከሉ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ፣ መልካም ሲሠራ ወዲያውኑ ማመስገን ውጤት ያላቸውና ገንዘብ የማይጠይቁ መንገዶች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ድጋፍ ካስፈለገው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያን ማነጋገር ይቻላል።

መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ልጆችም አሉ። በብዙ አገሮች የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ዕድሜያቸው 6 ዓመት ከሞላ በኋላ፣ ሌሎች ድጋፎች ተሞክረው ካልበቁና በልዩ ባለሙያ ክትትል ብቻ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በኮምፒውተር ፈተና ውጤት ብቻ ተነሥቶ መድኃኒት መግዛትም ሆነ ከሌላ ሰው ተቀብሎ ለልጅ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ቴክኖሎጂ የባለሙያን ጊዜ የሚቆጥብና ጥርጣሬን የሚቀንስ ሲሆን ሊበረታታ ይገባዋል። ወደፊት በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ፣ በኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ የተመዘነ ፈተና ቢኖር የሚሰጠው ጥቅም የበለጠ ይሆናል። እስከዚያው ግን አንድም ልጅ ኮምፒውተር አልተገኘም ተብሎ ግምገማው ሊዘገይበት አይገባም።

በመግቢያው የታሰበው የግንደወይን ቤተሰብ በሬውን መሸጥ አያስፈልገውም። እናት ከልጁ ሕፃንነት ጀምሮ ያየችውን፣ መምህሩ በክፍል የሚያስተውሉትን፣ አባት በመስክ የታዘበውን ይዘው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ልጁንም ይዘውት ይሂዱ፤ እርሱም የሚናገረው አለው።